ማስተርስ ያስመረጡን ንስሐ አባት

ከብዙ ዓመት በኋላ ደብረ ማርቆስ ስመለስ የእህቴ ልጅ ጭንቅ ላይ ነበረች። ከምትሠራበት ባንክ የገንዘብ ከፋይ መስኮት ተነሥታ ብድር የሚያጠናው ክፍል ለመግባት ማስተርስ ያስፈልጋታል። ፋይናንስ ትማር ወይስ ማኔጅመንት? ምዝገባው በማግስቱ ያበቃል።

«ከተሳሳትሁ ዕድሜ ልኬን መስኮቱ ጋ መቅረቴ ነው፤ ንስሐ አባቴን ልጠይቅ» አለች።

«ቄስ ስለ ፋይናንስ ምን ያውቃል? ይልቅ እኔን ስሚኝ!» አልኋት። አልሰማችኝም፤ እያጉረመረምሁ ተከተልኋት።

ቄሱ መስቀል አሳልመው ጭንቀቷን አዳመጡ። «ጸልዪ» ብለው ይሸኟታል ስል፣ «ፋይናንሱን ያዢ፣ ልጄ» አሏት።

«በምን አወቁ፣ አባ?» አልሁ፣ ለነገር።

«በማኔጅመንቱማ እኔ አምና ተመረቅሁ» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «አንቺው ባንክ አመልክቼ እስካሁን አልጠሩኝም። ነገ ሥራ ስትገቢ እስቲ ጠይቂልኝ።»