አንገቱ የጠበበው ቀሚስ

ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። ስፌቷም ንግግሯም አይጣመምምና የሰፈሩ ሰው «ቀጥ ያለችው» ይላታል። ባሏ ሹፌር ነው፤ እኔም አብሬያቸው እኖራለሁ።

በዚያ ሰሞን ግን ስፌቷ ይጣመም ጀመር። «ጠጋኙ የስፌት መኪናዬን ሆን ብሎ አበላሸው» እያለች ትብከነከን ነበር።

አንድ ቀን አማቼ ጓዳ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

«እማማ፣ ልጅዎ ትበላለች፣ ትበላለች፤ ሰውነቷ ግን አለቀ። በብርድ መስኮት ትከፍታለች። እኔ ስገባ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ልቧ ይዘላል። ሌላ ሰው ከሌለ ምን ያስደነግጣታል?»

«አፍህን ያዝ!» አልኩት።

ጥርጣሬ ግን እንደ ብል ነው፤ ሳይታይ ገብቶ ይበላል። ከዚያ ወዲያ እኔም ውጪ በወጣች ቁጥር በመስኮት እከተላት ጀመር። እሱ ደግሞ ልብሱን ጥቂት በጥቂት ወደ እህቱ ቤት ያግዛል። ትዳሩ ሊፈርስ ነው አልኩ።

አንድ ጠዋት ልጄ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ከአንገቱ ጋር ስትታገል አገኘኋት።

«ያቺ ጨርቅ ሻጭ አታለለችኝ! ውኃ ሲነካው የሚሰበሰብ ጨርቅ ነው የሰጠችኝ፤ አነቀኝ!» ብላ አንገትጌውን ልትቀድ መቀስ አነሳች። የሌሎቹን ቀሚሶቿን አንገት ቀድማ አስፍታ ነበር።

ባሏ ከበሩ ላይ፣ «ክፈቺው፣ ያየ ይይሽ!» አላት።

እኔ ግን ወገቧን አየሁ። ጨርቁ ተንዘላዝሎ ሌላ ሴት ያስገባል።

«አንቺ ልጅ፣ የሚሰበሰብ ጨርቅ ወገቡ ላይ ሲደርስ ይሰፋል እንዴ?»

ወገቧ ላይ የተንዘላዘለውን ጨርቅ በእጇ ጨበጠችው። የሰው ልብስ ስትለካ የምትውል ልጅ ራሷን መለካት ረስታ ኖሯል።

«እስቲ ምራቅሽን ዋጪ» አልኳት። ጉሮሮዋ ሥር ያበጠ ነገር ከፍ ዝቅ አለ።

ሐኪም ቤት ስንሄድ አማቼን፣ «አንተም ና፤ በጆሮህ ስማ» አልኩት። ደሟ ተመረመረ። ሐኪሟም እንዲህ አለችን፦ «አንገቷ ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራች ነው። ሰውነቷ የበላችውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ልብ መሮጡ፣ መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ ንዴቱ ሁሉ ከዚያ ነው።»

«ልቧ የሚዘለውም?» አለ አማቼ።

«እሱም።»

አማቼ ጫማውን ያይ ጀመር።

ዕጢዋን የሚገታ ክኒንና ልቧን የሚያረጋጋ ሌላ ክኒን ታዘዘላት። «ሳምንታት ይፈጃል፤ ተሻለኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከያዘሽ ግን የዕጢውን ክኒን አቁመሽ በዚያው ቀን ነይ» አለቻት ሐኪሟ። በክኒን ካልሆነም ሌላ ሕክምና እንዳለ ነገረችን።

«እማዬ፣ ይሄ ክኒን ሊያወፍረኝ ነው መሰለኝ» አለችኝ ልጄ በመንገድ ላይ።

«የራስሽን ሥጋ ነው የሚመልስልሽ፤ ዋጪ!»

ቀስ በቀስ እጇ ረጋ፤ ስፌቱም ቀና። ጠጋኙንም ጨርቅ ሻጯንም ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። ባሏ ግን ልብሱን ሙሉ በሙሉ አልመለሰም ነበር። አንድ ጠዋት ከእህቱ ቤት ያመጣውን ሸሚዝ ለብሶ ፊቷ መጥቶ ቆመ፤ የአንገቱ ቁልፍ ወልቋል።

«ትሰፊልኛለሽ?»

መርፌዋን አንስታ ጉሮሮው ሥር ገባች።

«እጅሽ አይንቀጠቀጥም አይደል?»

«እጄንስ ተወው። አንተ ነህ የምትንቀጠቀጠው» አለችው፤ «እህትህ ቤት የቀረውን ልብስ ዛሬ ታመጣዋለህ ወይስ ልውጋህ?»

አገጩን ቀና አድርጎ፣ «አመጣለሁ» አለ።