የጋራው የቅቤ ሳፋ

በደርግ ጊዜ ብዙ ነገር እኩል ሆኗል። ጎንደር ላይ ተራው ለቅቤ የደረሰው ልጄ የመጀመሪያዋን በወለደች በአራተኛው ቀን ነው። ዕድሌ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ልጄ ወተቷ አልወረደላትም ነበር። ሕፃኗ ጡቷን ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች። ለአራስ ገንፎ የሚሆን ለጋ ቅቤ ከቤት አልቋል። የቀረው የከረመ ነው፤ ለወጥ እንጂ ለአራስ አይሆንም፤ ሽታው ብቻ ያስመልሳታል። ቅዳሜ ጠዋት ቅሌን ይዤ ስነሳ፣ «እማዬ፣ ሳትይዢ እንዳትመለሺ» አለችኝ።

«እኔ መቼ ባዶ እጄን ተመልሼ አውቃለሁ?» ብያት ወጣሁ።

ቅዳሜ ገበያን በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው የማውቀው። የቅቤ ተራው ከጌሾው አለፍ ብሎ ነው። ሻጮቹ ቅላቸውን ፊታቸው አድርገው ይቀመጣሉ። ገዢዋ ጎንበስ ትልና በጥፍሯ ትቆነጥራለች፣ በእጇ ጀርባ ታሻለች፣ ታሸታለች፣ ፊቷን ታኮሳትራለች፣ ወደሚቀጥለው ቅል ትሄዳለች። ሳይቆነጥር ቅቤ የገዛ ሰው አይቼ አላውቅም። ነገሥታቱ ከገበያው በላይ ያንን ሁሉ ግንብ ሲያስገነቡ ብዙ ነገር ደፍረዋል። የጎንደርን ሴት ቅቤ እንዳትቆነጥር ለመከልከል ግን አንዳቸውም አልደፈሩም።

ጓዱ ደፈረ። ገበያውን ሥርዓት እንዲያስይዝ ከቀበሌ የተመደበ፣ ካኪ ልብስ የለበሰ፣ ከደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ ሰው ነው። ከቅቤ ተራው መካከል ጠረጴዛ አቁሟል። ከጠረጴዛው ፊት ለሠርግ ሊጥ የሚቦካበትን የሚያህል ሳፋ ተቀምጧል። ከጎኑ ሚዛን፣ ከበላዩ ደንቡና ዋጋው የተጻፈበት ሰሌዳ።

«ሻጭ ሁሉ ያመጣውን እዚህ ይገለብጣል፤ ገዢ ሁሉ ከዚህ በሰልፍ ይወስዳል!» ይላል። «አቅም ያለው ጥሩውን እየመረጠ መጥፎውን ለድሃ የሚተውበት ዘመን አልፏል!»

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን አልጠላሁትም። ፍርድ የሚመስል ነገር ሲነሳ ጆሮዬ ይቆማል። ሰልፉን ያዝኩና አንገቴን አስግጌ ሳፋውን አየሁ። ባንድ በኩል ቢጫ፣ ባንድ በኩል ነጭ፣ መሐሉ ላይ ስሙን የማላውቀው መልክ። ሽታው የሁሉንም ልዩነት አጥፍቶ አንድ አድርጓቸዋል። አንዲት ሴት ከርሞ የከረመ ይዛ መጥታ ነበር መሰለኝ፣ የሷ አሸንፏል።

ከፊቴ የቆመች አንዲት ረጅም ሴት ዞር ብላ፣ «እታለም፣ ይሄ ለሰው ነው ለጋሪ ጎማ?» አለችኝ። እሷም አራስ እህት አለቻት።

በዚህ መካከል ከኮሶዬ የወረደች አንዲት ባላገር ቅሏን አቅፋ ደረሰች። ክዳኑን ስታነሳ ሽታው እኔ ካለሁበት መጣ። ለጋ! ከሰልፉ ያለን ሴቶች ሁሉ አንድ ላይ ምራቃችንን ዋጥን።

«ገልብጪው» አላት ጓዱ።

«ምነው ጌታው፣ የትናንት ግፊ እኮ ነው። ሸጋ ቅቤ ነው።»

«ሸጋውን ሰፊው ሕዝብ ይጠቀምበታል።»

«ሰፊው ሕዝብ ከዚያ ከሚሸተው ቀላቅሎ ምን ያረገዋል?»

«ግለኝነት ነው ይሄ! ነይ፣ አምጪ።»

ቅሉን ተቀበላት። ከመገልበጡ በፊት ግን ጭልፋ አነሳ፤ አንድ፣ ሁለት ጊዜ ጨለፈና ከጠረጴዛው ሥር ካለች ባለክዳን ጎድጓዳ ሳህን ጨመረ። ክዳኗንም ገጠመ። ዓይኔ ደግሞ ያረጀው ለመርፌ ክር እንጂ ለዚህ አይደለም።

«ጓድ» አልኩ ከሰልፉ፣ «ያቺ ሳህን ምንድን ናት?»

«ናሙና ናት፣ እናት።»

«የምን ናሙና?»

«የጥራት ምርመራ ናሙና።»

«መርማሪው ማን ነው?»

«የሚመለከተው አካል።»

«የሚመለከተው አካል ባለቤትዎ ናቸው? ባለፈው ሳምንት በሰላም ተገላገሉ ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሰልፉ ሳቀ። እኔ ግን አልጨረስኩም። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠሩኝ እነሱው የቀበሌዎቹ ናቸው፤ ጥፋቱ የኔ አይደለም። ሰሌዳው ላይ ያለውን፣ በጣቴ እየጠቆምኩ፣ እንደ ክፍላችን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «ከ…ተ…ራ… ውጭ… ዕቃ… ማስቀረት… ክልክል… ነው።» ደግሜም አነበብኩት። ማንበብ የሚሻሻለው በመደጋገም ነው ብለውናል።

«እኔም ናሙና ልሁና!» አለች ረጅሟ።

«እኔንም መርምሩኝ!» አለች ሌላዋ ከኋላ።

የጓዱ ፊት በርበሬ መሰለ። «እናት፣ አድማ እያነሳሱ ነው» አለኝ፤ በቀስታ ነው ያለኝ።

ያ ቃል በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። አፌ ግን ከፍርሃቴ ጋር ተማክሮ አያውቅም።

«አድማ አይደለም» አልኩት። «ሳፋዎ ለወጥ ይሁን። የዚህች ሴት ቅቤ ግን ሳይቀላቀል ለአራስ ይሁን፤ አራስ ያላት ሁሉ እኩል ትውሰድ። የርስዎም ባለቤት አራስ ናቸው፣ ድርሻቸውን ያግኙ። ሳህኗም ወደ ቅሉ ትመለስ።»

ሳፋውን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ ሳህኗን አየ። ከዚያ አንዱን እስክሪብቶ አወጣና ወረቀት ላይ ጻፈ። ቀና ሲል፣ ከእናቱ ሆድ ይዞት እንደወጣ ሐሳብ፣ «የአራስ ኮታ!» ብሎ አወጀ።

ሳህኗ ወደ ቅሉ ተገልብጣ ባላገሯ ቅሏን ስትቀበል ጠጋ አለችኝ። «እመይቴ፣ ከሥሩ ደህና አድርጌ አስቀርልዎታለሁ፤ ከጌሾው ጀርባ ይጠብቁኝ» አለች። ልጄ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። አሁን የተናገርኩት ሁሉም ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

«የለም» አልኩ። «እኩል ብያለሁ፣ እኩል ነው።»

አራስ ቤት ያለን ስንቆጠር አምስት ነበርን፤ ከጓዱ ባለቤት ጋር ስድስት። ለስድስት ሲካፈል ለያንዳንዳችን ደህና ይደርሰን ነበር። ኮታው ሲታወጅ ግን በአንድ አፍታ ጎንደር በሙሉ ወለደች። አክስት ወለደች፣ የባል እህት ወለደች፣ ሴት ልጅ የሌላት ጎረቤቴ ሴት ልጇ ወለደች። አንድ ሽማግሌ ሳይቀሩ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ።

«አያ፣ አራስዎ ማን ናት?» አልኳቸው።

«ላሜ።»

«ላም ወልዳልዎት ቅቤ ፍለጋ ይሰለፋሉ?»

«እህሳ፣ ወተቱ እስኪገፋ!»

አሥራ ስምንት ሆንን። ቅቤው በቡና ስኒ ተሰፈረ። ጓዱ ተራ ሲያስይዝ እኔን መጨረሻ አደረገኝ። «እናት ሥርዓት የሚያከብሩ ሰው ስለሆኑ ይታገሳሉ» አለ። ከሥሩ ሲፋቅ ለኔ የደረሰው ስኒውን አልሞላም። ጓዱ ለባላገሯ የከፈላት በሰሌዳው ዋጋ ነው፣ ከዚያ ከሚሸተው እኩል። ለሷ የሚገባትን እኔም ያን ሰዓት ትዝ አላለኝም፤ ስለ አራስ ስጮህ እሷን ረሳኋት። ባዶ ቅሏን ይዛ፣ «ሁለተኛ ሸጋውን አላወርድም፤ ልጆቼ ይብሉት» እያለች ሄደች። ዛሬም ሳስበው የሚቆረቁረኝ ይሄ ነው።

ቤት ገብቼ ገንፎ አገነፋሁ። መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤውን ጨመርኩ። ልጄ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከጉድጓዱ ሥር ዓይን የምታህል ነገር ተኝታለች።

«ይሄ ነው?»

«እኩል ተካፍለን ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከሰፊው ሕዝብ ጋር።»

«ሰፊው ሕዝብ ያጠባል?» አለችና ማንኪያውን ነጠቀችኝ። ገንፎውን እስከ ጠርዙ ጠራርጋ በላች። እየበላች ስለ ጓዱ፣ ስለ ሳፋው፣ በተለይ ስለኔ ያልተናገረችው የለም።

በማግስቱ ጠዋት ወተቷ ወረደ፤ ቀሚሷ ፊት ለፊቱ ረጥቦ፣ ሕፃኗ ትን እስኪላት ጠባች። እኔ ከቅቤው ነው እላለሁ። ልጄ ከንዴቱ ነው ትላለች።