ዝናብ የማያስገባ ሳጥን

ኮምቦልቻ ባለ አንድ ፋብሪካ በጣት አሻራ የሚከፈት በር ስንገጥም፣ አሻራ የሚያነበውን ማሽን ሳጥን የምሠራው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ሳጥን ዝናብ አስገባ። ሁለተኛውን ዙሪያውን በጎማ ባሽገው፣ ሙቀቱ ውስጡ ታፍኖ ማሽኑ ቆመ። ሦስተኛውን ከገጠምኩ በኋላ ክረምቱ ገባና ውሃ እየገባበት እንደሆነ ተደወለልኝ። ደሴ፣ ሆጤ ካለው ቤቴ ወጥቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ድካሙ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ነበር፤ «ሥራውን ለሌላ ሰው ስጡት» የምልበትን መንገድ ብቻ አስብ ነበር።

ስደርስ የበሩ ጥበቃ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ዣንጥላቸውን ከማሽኑ በላይ ዘርግተው እሳቸው ዝናብ ይወርድባቸዋል።

«አባባ፣ ምነው እርስዎ ይበሰብሳሉ?» አልኳቸው።

«እኔማ እደርቃለሁ። እሱ ከተበላሸ ግን ተረኛ ሠራተኞቹ ውጭ ቆመው በዝናብ ሊደበደቡ ነው። አብሽሪ ልጄ፣ ታበጂዋለሽ።»

የመጣሁት ሥራውን ለመተው ነበር፤ ግን ዣንጥላውን ወደ እሳቸው ገፋ አድርጌ ሳጥኑን ፈታሁት። ውሃው በሽቦው ቀዳዳ ነበር የሚገባው። በሚቀጥለው ሳምንት ሽቦውን ከታች የሚያስገባ፣ ከላይ እንደ ቤት ክዳን ወጣ ያለ ቆርቆሮ ያለው አራተኛ ሳጥን ይዤ ተመለስኩ።

ሽማግሌው ቆርቆሮውን ዳሰስ አድርገው «አልሐምዱሊላህ፣ ቤት ሠራሽለት» አሉኝ።

ያ ሳጥን ክረምቱን ቻለ። እኔ ግን በገጠምኩበት ቀን ከድካሜ የተነሣ ደስታውም አልተሰማኝም፤ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ እስከ ደሴ ተኛሁ።