ከሩቅ ነጭ ልይ

የቀሰቀሰኝ የመቀስ ድምፅ ነው። ልጄ ጨርቁን ገና አልነካችውም፤ መቀሱን በአየር ላይ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ታደርገው ነበር። ዞር ብዬ ሳይ አልጋው ላይ ጥቁር አባያዋን ዘርግታለች። ከጎኑ ደግሞ ከሣጥን ያወጣችው ያረጀ ነጠላ አለ። ነጭነቱ ወደ ቅቤ ቀለም ዞሯል። የብል መድኃኒት ይሸታል፤ አፍንጫህን ብታስጠጋው ግን ከሥሩ ሌላ ሽታ አለው፤ የወተትና የበረት ሽታ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ጥለቱን ልቆርጠው ነው፣ አባ። ለቡ ያለችው ልብስ ሰፊ እጅጌው ላይ ታደርግልኛለች። አሁን እኮ ፋሽኑ ጥለት ያለው አባያ ነው። ለጓደኛዬ ሠርግ።»

«መቀሱን አስቀምጪ።»

«ጨርቁ እኮ አርጅቷል! ማን ይለብሰዋል?»

«አስቀምጪ አልኩሽ!»

ጮኼ ነበር። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው፤ ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም።

እኔ ቁጡ አባት ነኝ፤ አልክድም። ስለ ልብስ ብዙ ተናግሬያታለሁ። የዘመኑ ልጆች ቀሚሱን አስረዘሙት፣ ልኩን ግን አጠበቡት፤ መሸፈኛው ራሱ «እዩኝ» የሚል ሆነ እላታለሁ። እሷም «ሰው ሁሉ በአንተ ዘመን ይቁም እንዴ?» ትለኛለች። የዚያን ዕለት የጮህኩት ግን ስለ ፋሽን አልነበረም። ነጠላው ከእህቴ በፊት የማን እንደነበረ አታውቅም። አንተም አታውቅም፤ ስለዚህ ከሥሩ ልንገርህ።

ያኔ ላፍቶ ግማሹ እርሻ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ጤፍ ይዘራ ነበር፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጫማ ይነጥቅ ነበር። አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ከጥንት ጀምሮ እዚያው ያረሱ ቤተሰቦች ልጅ ነበሩ። ላም ያረባሉ፣ ወተት ይሸጣሉ። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ አዴ፣ እናት፣ ይላቸው ነበር።

አዴ ክርስቲያን ነበሩ፤ እኛ ሙስሊሞች። ግን እናቴ እህቴን ወልዳ በታመመች ጊዜ፣ አዴ ከራሳቸው ወንድ ልጅ ጋር እህቴንም አጥብተዋታል። በእኛ ሃይማኖት ያጠባችህ እናትህ ናት፤ አብሮህ የጠባውም ወንድምህ ነው። እህቴ ሁለት እናት ነበራት። ያ ልጅ አድጎ ወታደር ሆነ። ጠረፍ እንዳለ ይወራ ነበር እንጂ፣ ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ሲገባም ከእሱ የመጣ ቃል አልነበረም። አዴ በር በተንኳኳ ቁጥር እጃቸው ደረታቸው ላይ ይወጣ ነበር።

እህቴ የመጨረሻው ክፍል ተማሪ ነበረች። እኔ ታላቋ ነኝ፤ ትምህርቴን ትቼ ከአባቴ ጋር እሠራ ነበር። ማታ ማታ ከመስጊድ ደጃፍ የሚሸጡ ትናንሽ መጻሕፍት በራሴ አነብ ነበር፤ ያነበብኩትንም ለእሷ እነግራት ነበር። በረመዳን መጨረሻ፣ ጅዳ የምትኖር አክስታችን በሰው እጅ አንድ አባያ ላከችላት። ጥቁር፣ እስከ መሬት የሚወርድ፣ ቀላልና የሚያንሸራትት ጨርቅ። ዛሬ በየሱቁ የተሰቀለ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን በእኛ መንደር እንዲህ ያለ አልታየም። እናቴና እኩዮቿ በቀሚስ፣ በሻሽና በነጭ ነጠላ ነበር የሚሰግዱት።

የዒድ ጠዋት ስታዲየም ለመድረስ ከጎህ በፊት መነሳት ነበረብን፤ ታክሲ ያኔ ብርቅ ነበር። ቤቱን ጥለን ስንሄድ ሁልጊዜ ቁልፉን ለአዴ እንሰጥ ነበር። አራታችንም ወጣን። አባቴ ነጭ ጀለቢያና ኮፍያ አድርጓል፤ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባለች። ከፊት ከፊት የምትሄደው እህቴ ናት፤ ደስታዋ አላስችል ብሏት። ጉም ነበር። የእርጥብ ሣር ሽታ ይሸታል። የአዴን የቆርቆሮ በር ያንኳኳችው እሷ ናት።

አሁን አስበው። በእኛ አገር ሰው ሞቶ ቤተሰቡ ሳይሰማ ሲቀር፣ መርዶ የሚነገረው በጎህ ነው። የሚነግሩት ሽማግሌዎችና የቅርብ ሰዎች ተሰብስበው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ደጅ ይቆማሉ። ጥቁር የሚለብስ ደግሞ ሐዘንተኛ ነው።

አዴ በሩን ከፈቱ። ያጠቧትን ልጅ ጥቁር ለብሳ አዩዋት። ከኋላዋ አባቴን፣ እናቴን፣ እኔን። እህቴ «አዴ፣ ቁልፉን...» ብላ ሳትጨርስ፣

«ያ ኢልማ ኮ!» አሉ። ልጄን ማለት ነው። ወደቁ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው? ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ከአልጋው ተነስቶ እያለቀሰ መጣ። እናቴ «ኧረ የሞተ የለም! ዒድ ነው! ዒድ ነው!» ትላለች፤ የሚሰማት የለም። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ወሬውን ሳያጣራ ጥሩምባውን ነፋው። አንዲት ሴትዮ እህቴን አቅፋ «ወንድምሽን፣ ወንድምሽን» እያለች ስታለቅስ፣ እህቴም ግራ ተጋብታ አብራ አለቀሰች። የሷን እንባ ያዩ ደግሞ ይባስ አመኑ። አባቴ በጥሩምባ ነፊው ላይ ጮኾ ሕዝቡን ጸጥ ሲያሰኝ ፀሐይ ወጥታ ነበር። የአዴ ፊት በጥፍራቸው ተቦጫጭሯል።

«የሞተ የለም?» አሉ ከመሬት ቀና ብለው።

«የለም፣ እትዬ። ልጅትዋ አዲስ ልብስ ለብሳ ነው» አላቸው አባቴ።

አዴ ወደ እህቴ ዞሩ። «በቁሙ አስለቀስሺኝ» አሉ። ገብተው በሩን ዘጉ።

በቁም ያለን ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ ሰዉ እንዲህ ያምናል። እኔ አላምንም፤ ያነበብኩትም እንዲህ አይልም። ግን ልጇ የት እንዳለ ለማታውቅ እናት ይህን ሂድና ንገራት።

የዚያን ዕለት እናቴ እንደ ልማዷ፣ የእኛን ሥጋ የማይበሉትን አዴን አስባ፣ ሽሮና እንቁላል በተለየ ድስት ሠርታ ነበር። ሰሃኑ እስከ ምሽት እንደተከደነ ቀረ። በማግስቱ ወተት ልቀዳ ስሄድ ጣሳው ተሞልቶ ከውጭ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ወደ ግቢ እንዳልገባ። የሰፈር ልጆች ደግሞ እህቴ ባለፈች ቁጥር «መርዶ መጣች! በር ዝጉ!» እያሉ ይበተኑ ጀመር።

አባቴ አጭር ቃል ነበር የሚያውቀው። «አውልቂው» አላት።

«ሐራም ነገር አልለበስኩም፣ አባ።»

«ልብሱ ሐራም አይደለም። ጎረቤት ማስደንገጥ ግን ሐራም ነው።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ፤ ያነበብኩትን ደረደርኩ። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «መጽሐፉ ሸፍኚ ይላል ወይስ አጥቁሪ ይላል?» አለኝ። ሸፍኚ ነው የሚለው።

እናቴ ቁጣዋ ሌላ ነበር። «እኔ ዕድሜዬን ሁሉ በነጠላ ስሰግድ አላህ አላየኝም?»

«እማ፣ አንቺን ምን አልኩሽ?»

«ምንም አላልሽኝም። ለብሰሽ አሳየሽኝ።»

እህቴ አላወለቀችም፤ የአባቷንም ቃል ጥሳ ለብሳው አልወጣችም። ቤት ዋለች። ትምህርት ቤት ቀረች። የመልቀቂያ ፈተናው ደርሶ ነበር። ቀን ከቀን ጓዳ ተቀምጣ ስትቀር፣ አባቴ እንደሚያመው አውቅ ነበር፤ እሷ እንድትማርለት ከማንም በላይ የሚፈልገው እሱ ነበር። ግን ሁለቱም ያው አንድ ደም ናቸው፤ ማን ይቅደም? በቤታችን ውስጥ የማንኪያ ድምፅ እንኳ ያስበረግግ ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ አዴ ራሳቸው መጡ። ከዒድ ወዲህ ደጃችንን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። በአንድ እጃቸው የወተት ጣሳ፣ በሌላው የታጠፈ ነጠላ ይዘዋል። ከልጃቸው ምንም አልተሰማም ነበር፤ ሟርቱ ይያዝ አይያዝ ገና አያውቁም። ማንንም ሳያዩ ጓዳ ገቡ።

«ትምህርት ቤት ቀረሽ አሉኝ።»

እህቴ አባያዋን ወደ ጉልበቷ ሰበሰበች።

«ስሚኝ። ሃይማኖትሽን አውልቂ አልልሽም። እኔም ያንቺን ዕድሜ ሳለሁ ማተቤን በጥሺ ብባል አልበጥስም ነበር። ጥቁርሽ ግን ያስፈራኛል፣ ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ። ልቤ አይችለውም። እዚህ መንደር ስትሄጂ ይህን ጣል አድርጊበት። ከሩቅ ነጭ ልይ። ነጭ ካየሁ ሰላም ነው እላለሁ።»

ነጠላውን በጥቁሩ ላይ ራሳቸው አለበሷት። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ «ደብተርሽን ያዢ» አላት። በቃ፤ እርቅ ይህ ነበር።

ፈተናዋን ተፈተነች። ከዚያ ወዲህ ጥቁር አባያዋን ያለዚያ ነጭ ነጠላ የለበሰችበትን ቀን ከአንድ በቀር አላስታውስም። በመስጊድ ያሉ ጓደኞቿ «ግማሽሽ ጅዳ፣ ግማሽሽ ላፍቶ» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷም «ሁለቱም ይሞቀኛል» ትል ነበር።

የአዴ ልጅም መጣ፤ ለእረፍት፣ ከስቶ፣ ጥርሱ ብቻ ቀርቶ። እህቴን በር ላይ ሲያያት «አንቺ መርዶ! ገድለሽ አስለቀስሽብኝ አሉ! ንፍሮዬን ማን በላው?» አላት። ሁሉም ሳቀ። አዴ ግን ሲስቁ እጃቸው ከደረታቸው አልወረደም። ተመልሶ ሄደ።

ለሁለተኛ ጊዜ አልመጣም። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለሽማግሌዎች ነው። ለጎረቤትነቱ ብለው በጎህ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ቅጥር ግቢው ውስጥ በቀዝቃዛው ጭቃ ላይ ቆመው ማን እንደሚናገር አልስማማ አሉ። አንዱ «አንተ ጀምር» ይላል፤ ሌላው ያስላል። በአጥሩ ወዲያ ወተት ጣሳ ውስጥ ሲታለብ ይሰማ ነበር፤ ሽው፣ ሽው። ያን ድምፅ ዛሬም አልወደውም።

እህቴ ለብሳ ወጣች። «እኔ ልቅደም» አለች።

«ሴት ልጅ መርዶ አትመራም» አላት አባቴ።

«አባ፣ አንድ ጡት ጠብተናል። ወንድሜ ነው። ከእኔ በፊት ማን ይቅደም?»

አባቴ ከመንገዷ ዞር አለ። እሷ ከትከሻዋ ነጠላውን አወረደች፤ አጠፈችውና እጄ ላይ አኖረችው። ከዚያ በጥቁሩ ብቻ ሄዳ በሩን አንኳኳች። እኛ ከኋላ ተከተልን።

አዴ የወተቱን ጣሳ እንደያዙ ከፈቱ። ያዩት እሷን ነው። ዓይናቸው ትከሻዋ ላይ አንዴ ሄደ፣ ተመለሰ፤ የሆነ ነገር የጠፋበት ሰው እንደሚፈልገው።

«ኢንታላ ኮ፣ ነጠላሽስ?»

ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ።

ያን ጊዜ አልጮኹም። ወተቱ እንዳይፈስ ተጠንቅቀው ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ እህቴን ይዘው ቀስ ብለው እዚያው ደጁ ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱም። ሽማግሌዎቹ ያዘጋጁት ንግግር አላስፈለገም።

ሐዘኑ ከወጣ በኋላ ነጠላውን ልመልስላቸው ወሰድኩ። ተቀብለውኝ እህቴን አስጠሩና ዳግመኛ ትከሻዋ ላይ ጣሉት። «ከእንግዲህ የምፈራው የለኝም» አሏት። «ነጭሽን ግን ለምጄዋለሁ።»

አዴ ከሞቱም በኋላ እህቴ ለብሳዋለች። እሷን የቀበርናት ባለፈው ዓመት ነው፤ ነጠላው ከዚያ ወዲህ በእኔ ሣጥን ውስጥ ነው። የአዴ በረት በነበረበት ቦታ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። ምድር ቤቱ ላይ አባያ ይሸጣል፤ ጥለት ያለውም አለ። ብዙ አንብቤ፣ ብዙ ተቆጥቼ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ሰው የሚለብሰው ለፈጣሪው ነው፤ የሚያየው ግን ጎረቤቱ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። አቋርጣ ልትከራከረኝ ትወዳለች፤ የዚያን ቀን ግን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። መቀሱን ከአልጋው ላይ መቼ እንዳነሳችው አላየሁም።

የሠርጉ ቀን ከሌላው ክፍል «አባ፣ ሄድኩ» ብላኝ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ጫማዋ ይሰማኝ ነበር። ሳላስበው ወደ በረንዳው ወጣሁ። ከታች ሚኒባሶቹ ተደርድረዋል፤ ረዳቶቹ «ለቡ፣ ለቡ» ይጣራሉ፤ ሰዉ ይጋፋል። መጀመሪያ አጣኋት። ከዚያ በጥቁሯ ላይ፣ ሳይቆረጥ፣ ሙሉው ነጠላ።

ታክሲው ውስጥ እስክትገባ ድረስ ነጩን ከሩቅ አየሁት።