መሰላል ላይ በአንድ እጅ

ያኔ በአብዮቱ ዘመን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፎቅ የሚባል ቤት ብዙ አልነበረም። ከነበሩት አንዱ በዋናው መንገድ ዳር የቆመ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የላይኛውን መስኮቶች በውጭ በኩል የሚወለውሉት የእኛ ድርጅት ሴቶች ነበሩ። ድርጅታችን ለመሥሪያ ቤቶች፣ ለትምህርት ቤቱና ሐይቁ ዳር ላለው የእንግዳ ማረፊያ የጽዳት አገልግሎት ይሰጣል። እኔ ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ እዚያ ተመደብኩ፤ የሥራ ደህንነት ኃላፊ ተብዬ።

ማዕረጉ ከእኔ ይከብድ ነበር። በረኪና ከሌላ ነገር ጋር እንዳይደባለቅ፣ ሰው እርጥብ ወለል ላይ እንዳይንሸራተት፣ ያለ ጓንት እንዳይሠራ መጠበቅ ነው ሥራዬ። ይህን ማወቁ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ መናገሩ ነው። እናቶቼ የሚሆኑ ሴቶችን ሰብስቤ አፌን ስከፍት ድምፄ ይጠፋል። ከኋላ የቆሙት "ምን አለች?" ይላሉ። ከፊት ያሉት ዞር ብለው "ጓንት አድርጉ ነው የምትለው" እያሉ ያስተላልፉልኛል። ፊቴ እሳት እስኪመስል ይቀላል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ለአብዮቱ በዓል መስኮቶቹ ሁሉ እንዲጸዱ ታዘዘ። ከሁሉም ይልቅ ከፍታ የሚደፍሩት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት ሴት ነበሩ። የባሕር ዛፉን መሰላል እንደ ቤታቸው ደረጃ ይወጡታል። ነገር ግን ከመንገዱ ማዶ የሻይ ቤት በረንዳ አለ፤ በረንዳው ላይም ከጠዋት እስከ ማታ ወንዶች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሴትዮዋ አንድ እጃቸው ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው መሀል ሰብስቦ እንደያዘ፣ በሌላው እጅ ብቻ መሰላሉን እየጨበጡ ይወጣሉ። ላይ ሲደርሱ ያንኑ እጅ ከመሰላሉ ያላቅቁና መስታወቱን ይወለውሉበታል። ያን ጊዜ መሰላሉን የያዘ እጅ የለም።

ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቻለሁ። ግን ስለ ቀሚሳቸው መናገር ስለ ገላቸው መናገር ስለመሰለኝ አልደፈርኩም።

አንድ ጠዋት እግራቸው ከእርጥቡ መርገጫ ሸተት አለ። ሰውነታቸው ወደ ጎን ተንጠለጠለ። ክንዳቸው ላይ ያንጠለጠሉት ባልዲ ወርዶ ጭቃው ላይ ተፈጠፈጠ። እሳቸው ግን፣ እየወደቁም እንኳ፣ ቀሚሳቸውን አልለቀቁም። እግራቸው እንደ ምንም መርገጫውን መልሶ አገኘው።

"አብሽሪ እናት! የሞተው ባልዲው ነው!" አለ ከበረንዳው አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ሴትዮዋ ወረዱ፣ "አልሀምዱሊላህ" አሉ፣ ባልዲውን አጥበው እንደገና ሞሉ። እኔ ግን የዚያን ቀን ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። ከፍ ያለ ቦታ የሚሠሩት ሴቶች ቱታ ቢለብሱ አንድ እጃቸው ሁልጊዜ መሰላሉን ሊይዝ ይችላል አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ደስ አለው። "ጓድ ያነሳችው ትክክል ነው" አለና ከደሴ ቱታ አስመጣ። ቱታው ሲመጣ ግን የእኔ ሐሳብ በሥራ አስኪያጁ አፍ ትእዛዝ ሆኖ ነበር።

"ቱታ ያልለበሰች ፎቅ አትወጣም። ፎቅ የማትወጣ ደግሞ ለድርጅቱ አታስፈልግም።"

ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር እኔ አላልኩትም። ሆኖም ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ያዩት እኔን ነው።

ሴትዮዋ እንቢ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ለብቻዬ ጠርቶ፣ "አንቺ ሴት ነሽ፣ አሳምኛት። እስከ ገበያ ቀን ካልወጣች ሌላ እንቀጥራለን" አለኝ።

ቧንቧው ጋ ጨርቅ ሲጨምቁ አገኘኋቸው።

"እማማ፣ ከሁሉም ሕይወትዎ ይበልጣል" አልኳቸው።

"ጮክ በይ እንጂ ልጄ። ለእኔ ነው ለጨርቁ የምትነግሪው?"

"ቢወድቁስ?"

"ብወድቅ ሰው ያነሳኛል። በስተርጅና ሱሪ ለብሼ እዚያ ላይ ብታይ ግን ማን ያነሳኛል?" ጨርቁን አራግፈው አዩኝ። ቁጣ አልነበራቸውም። "እስቲ አንቺ ትለብሽዋለሽ? አባትሽ በሚያልፍበት መንገድ?"

 አባቴ ጨውና ቡና ነጋዴ ነው፤ በገበያ ቀን ከውጫሌ ይመጣና ተከራይቼ በምኖርበት ክፍል ያድራል። ሰላት የማያሳልፍ፣ ሲሄድ እንኳ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ሰው ነው። ሱሪማ ለብሼ አውቅ ነበር። በዘመቻው ጊዜ፣ ማንም በማያውቀኝ አገር፣ እንደ ጓደኞቼ ካኪ ለብሼ ከርሜአለሁ። ከዘመቻ ስመለስ ግን ሱሪውን ለሌላ ልጅ ሰጥቼ በቀሚስ ነው አባቴ ቤት የገባሁት። ማንም የማያውቀኝ ቦታ ያልከበደኝን፣ ሁሉም የሚያውቃቸው ቦታ ላይ ልጭንባቸው መምጣቴ እዚያው ቧንቧው ጋ ገባኝ። ቱታው ወዳለበት ዕቃ ቤት ተመለስኩ።

በገበያው ቀን ጠዋት ቱታውን እኔ ለበስኩት። የተሰፋው ለወንድ ስለነበር ዋጠኝ። ሴቶቹ እግሩን ጠቀለሉልኝ፣ ወገቡን በገመድ አሰሩልኝ፤ ሳቃቸውን ሊውጡ ሲታገሉ ይሰማኛል። ከዕቃ ቤቱ ስወጣ በረንዳው ላይ የነበረው ጨዋታ ቆመ።

"እንዴ! ልብሱ ነው የሚወጣው ልጅቱ?"

"ጓድ፣ ስብሰባው ሰማይ ላይ ሆነ እንዴ?"

ወጣሁ። አንዱን እጅ ለመሰላል፣ አንዱን ለመወልወያ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ላይ ስደርስ ግን መሰላሉን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። ጨርቁ ትከሻዬ ላይ ነው። መስታወቱ ፊቴ ላይ ነው። የሚወለውል እጅ ግን የለኝም።

"መስኮቱን በዓይንሽ ነው የምትወለውዪው?" ሲል አንዱ ሰማሁ።

ዞር ስል አባቴን አየሁት። ጆንያውን ተሸክሞ ከመኪና ማቆሚያው በኩል ይመጣል። ሳቁን ሰምቶ ይሆናል ቀና አለ። አየኝ። እንዳየኝ እርግጠኛ ነኝ፤ እጁ ወደ ቆቡ ሄዶ አስተካክሎታልና። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰና በሻይ ቤቱ ጎን አልፎ ተሰወረ። እንባዬ መጣ። ልጠርገው ብል እጄ አልላቀቅም አለ፤ መሰላሉም በግራ በኩል ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለኝ።

"ውረጂ ልጄ" አሉ ሴትዮዋ ከታች። "በቃ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ።"

ስወርድ ክንዴን ይዘው ወደ ዕቃ ቤቱ አስገቡኝና "አውልቂው" አሉ።

"እማማ፣ እኔ እኮ..."

"አውልቂው አልኩ። ወላሂ ለመመሪያችሁ ብዬ አይደለም። የሰው ልጅ አደባባይ ላይ ስታለቅስ ቆሜ ማየት አልችልም።"

ቀሚሳቸውን ቱታው ውስጥ ጠቅጥቀው የሥራ ጋዋናቸውን ከላይ ደረቡበት። ወደ ራሳቸው አይተው "ያረቢ፣ የጤፍ ጆንያ መሰልኩ" አሉ፤ ሴቶቹም እስካሁን የዋጡትን ሳቅ ለቀቁት። ሴትዮዋ ወጡ። የመሰላሉን እግር የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

"እናት፣ ሚሊሺያ ተመዘገብሽ እንዴ?" ሲል አንዱ ከበረንዳው ጮኸ።

"አዎ! አንተ ስለፈራህ በአንተ ቦታ!" አሉ ከላይ።

በረንዳው በሳቅ ፈነዳ፤ ወዲያው ደግሞ ማን እንደሰማ ግራ ቀኝ አይቶ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገራቸውም። አንድ እጃቸው መሰላሉን ሳይለቅ መስኮቶቹን ሁሉ ወለወሉ።

ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰብስቦ፣ ጓድ በአርአያነቷ ሴቶቹን አሳመነች ብሎ አመሰገነኝ። ያሳመንኩት ሰው አልነበረም፤ ያዘነልኝ ሰው ነበር። ይህን ተነስቼ ልናገር ፈለግሁ፣ ድምፄ ግን እንደ ልማዱ ጠፋ። ሴትዮዋ ከኋላ ተቀምጠው "ተመስገን ነው" አሉ፣ በእኔ ቦታ እንደሚመልሱልኝ ያህል።

አባቴ መግሪብ ሰግዶ መጣ። እናቴ የላከችልኝን ቆሎ አስቀመጠ። ሻይ አፈላሁለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሲጠጣ እኔ በሩን፣ ምንጣፉን፣ ጫማውን አየሁ፤ ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

"አባ፣ ዛሬ..." አልኩ።

"አየሁ።"

ሻዩን ጨረሰ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

"የመሰላሉ ግራ እግር ጭቃ ላይ ነው የቆመው" አለ በመጨረሻ። "እየሰመጠ ነበር። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግበት።"

ብርጭቆውን መለሰልኝና ለመተኛት ተነሳ። ተኝቼም አስብ የነበረው ያንኑ ነው። አባቴ ሲያልፍ መሰላሉ ገና አልሰመጠም ነበር። ዝቅ ሲል የተሰማኝ እሱ ከተሰወረ በኋላ፣ እኔ ላይ ሆኜ ሳለቅስ ነው። እንግዲህ አላለፈም ማለት ነው። የሚያውቀው ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ፣ የሆነ ጥግ ይዞ፣ ፊቴን ሳይሆን የመሰላሉን እግር እያየ ቆሟል። ያን ያህል እንዳሳፈርኩትም፣ ያን ያህል እንደፈራልኝም አንድ ላይ ገባኝ፤ የትኛው የበለጠ እንዳስለቀሰኝ ዛሬም አላውቅም።

ጠዋት ድንጋይ ፈልጌ አመጣሁና ከመሰላሉ ሥር አስተካክዬ አስቀመጥኩት። ሴትዮዋ ቱታቸውን ለብሰው መጡ።

"ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው? መመሪያው ላይ አለ?"

"አባቴ ነው ያዘዘው።"

ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩ። "እሱም አየሽ?"

"አየኝ።"

"አብሽሪ" አሉ ቀስ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ።

ከዚያ በአንድ እጃቸው መሰላሉን ጨብጠው፣ በሌላው ባልዲውን ይዘው ወጡ። እኔም የመሰላሉን እግር ይዤ፣ ወደ ላይ ሳልመለከት፣ ድንጋዩን እያየሁ ቆምኩ።