የስመኝ የፈረንሳይኛ ጠብ

ስመኝ ባየልኝ ሦስት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ ፈረንሳይኛ ተማረች። ከጎኑ ጣልያንኛ፣ ለማጣፈጫም ቁንጥር ታህል ስፓኒሽ አለችበት። ይህ ወሬ መተማ ውስጥ ያለችው የትውልድ ከተማዋ ሸሕዲ ሲደርስ ከተማው ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። ልጅ ሐኪም ሆኖ ሲመጣ ሰፈሩ እጅጌውን ጠቅልሎ ለደም ግፊት ይሰለፋል፤ መሐንዲስ ከሆነ የተሰነጠቀ ግድግዳ ያሳዩታል። ፈረንሳይኛ ለተማረች ልጅ ግን ምን ያሳዩአታል? አንድ ጎረቤት የሬዲዮ ካርቶን ይዞ መጥቶ አንብቢልኝ ቢላት፣ ቻይንኛ ነው አለችው። "ምኑን ተማርሽው ታዲያ?" ብሎ ካርቶኑን ታቅፎ ተመለሰ።

ደስ ያላቸው የጋራዥ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጣልያንኛም ትማራለች ሲባል "ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ" እያሉ የመኪና ዕቃ ቆጠሩና፣ እነሱም ከተመረቁ ሃያ ዓመት እንዳለፋቸው ደረሱበት።

መማሪያ መጽሐፏ ውስጥ ያሉት ሰዎች ባቡር ይሳፈራሉ፣ አይብ ይመርጣሉ፣ ስለ አየሩ ይጠያየቃሉ። መተማ ባቡር የለም። ስለ አየሩ የሚጠይቅ ሰው ከተገኘም ፀሐይ መትታው ነው ተብሎ ውኃ ይደፋበታል፤ እዚህ በሚያዝያ ጥላው ራሱ ጥላ ፍለጋ ይዞራል። ስመኝ ግን በእረፍቷ አባቷ እርሻ ላይ ባለው ዳስ ውስጥ ተጋድማ ያንኑ መጽሐፍ ታነባለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

አባቷ አቶ ባየልኝ ሰሊጥ ያርሳሉ። ልጃቸው ለምን ይህን እንደምትማር ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው። "መንግሥት መደባት፤ ምን ታድርግ።" ይህን የነገረቻቸው ራሷ ስመኝ ናት። እውነቱ ግን ማንም አልመደባትም፤ መርጣ ነው የገባችው። አባትየው ሳያውቁ ሦስት ዓመት ሙሉ መንግሥትን ረገሙ።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ልትመለስ ስትሰናዳ፣ ታናሽ ወንድማቸው ደረበ መላ ይዞ መጣ። ደረበ ትራክተር ያከራያል፤ ምክር ግን በነፃ ነው።

"ጋሼ፣ መንግሥት ተሳሳተ ብለን ልጅቷን እዚያው እንተዋት? ጎንደር ፋርማሲ ትግባ። እዚሁ መድኃኒት ቤት ትከፍታለች። ወባ እንደሆነ አያሳፍረንም።"

"ሦስቱ ዓመትስ?"

"ዝናብ ጠፍቶ ነበር ብለው ይርሱት።"

"አንድ ዓመት ብቻ ነው የቀረኝ፣ አባየ" አለች ስመኝ።

"ቋንቋውን ማን ሰማልሽ?" አለ ደረበ። "ዳስ ውስጥ ብቻሽን ስታወሪ ነው የምናይሽ። ብቻውን የሚያወራ ሰው እኛ ዘንድ ጠበል ነው የሚወሰደው።"

አቶ ባየልኝ አሰቡበት። በወጣትነታቸው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ ሰሊጥ ሲያመላልሱ አረብኛ ለምደዋል፤ መልመዳቸውን ያረጋገጡት ግን ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ ከአንድ ደላላ ጋር ተጣልተው የረቱት ቀን ነበር። ድንበር ላይ ሕጉ ይኸው ነው። ሰላምታ በቀቀንም ይላል፤ ቋንቋ የሚለየው በጠብ ነው።

"መተማ ዮሐንስ እንወስዳታለን" አሉ። "እዚያ ሻይ የምትሸጥ ቻዳዊት አለች፣ ረፊቃ የምትባል። አገሯ በፈረንሳይኛ ነው የተማረችው አሉ። ትጣላት። ከቻለች ትመለስ፤ ካልቻለች ፋርማሲ።"

የወሰዳቸው ሚኒባስ የተሠራው ለአሥራ ሁለት ሰው ነው፤ የተሳፈረው ግን ሸሕዲ ነበር ማለት ይቻላል። ረፊቃ የሱዳኑ ጦርነት ካርቱም ከሚገኝ ቤቷ አባርሯት የተሻገረች ሴት ናት፤ ያን ያህል ደንበኛ ባንዴ አይታ ስለማታውቅ ብርጭቆ ፍለጋ ተሯሯጠች። ስመኝ በፈረንሳይኛ እንደምን አደርሽ ስትላት ግን ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ሁለቱ ተሳሳቁ፣ ተጠያየቁ።

"ይሄ ሰላምታ ነው" አለ ደረበ። "ጠቡ የታለ?"

ስመኝ ጠብ ፈለገች። መጽሐፉ ውስጥ ማንም ከማንም ተጣልቶ አያውቅም፤ ሰዎቹ እግር ቢረገጡ እንኳ ያመሰግናሉ። አገላብጣ አገላብጣ ያገኘችው "ፓርዶን ማዳም፣ በሐሳብዎ አልስማማም" የሚል ብቻ ነበር።

ረፊቃ ሳቋ አመለጣት፤ በዚያው በፈረንሳይኛ መለሰችላት። "የቱ ሐሳቤ ነው? እነዚህስ ሰዎች ምን ሆነው ነው የከበቡን?"

"እንድጣላሽ ይፈልጋሉ። ካልተጣላሁሽ ከትምህርቴ ያስቀሩኛል።"

"እኔ ምን አደረግሁሽ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ያናደደሽ ማን ነው?"

ያኔ ስመኝ ጀመረች። ሲጀምር እንደ ካፊያ ነበር፤ ቆይቶ ግን ሽንፋ ወንዝ ሞልቶ የመጣ መሰለ። ጣቷ አንዴ ወደ አባቷ፣ አንዴ ወደ ደረበ ይወነጨፋል። አህዮች ጆሮ አቆሙ። ሰሊጥ ጭኖ ጉምሩክ የሚጠብቅ ሲኖትራክ፣ ለእሱ የተባለ መስሎት፣ ጥጉን ያዘ። ከማይገባው ንግግር መካከል "ባየልኝ" እና "ደረበ" የሚሉት ቃላት ጥርት ብለው ይሰማሉ።

"ችላለች" አለ ደረበ ላቡን እየጠረገ። "ግን የእኔ ስም ምን ቤት ነው?"

አቶ ባየልኝ በአረብኛ ወደ ረፊቃ ዞሩ። "ምን አለች?"

ረፊቃ ልጅቷን አየቻት። ስመኝ አንገቷን ደፋች፤ ቆይታ ግን ንገሪያቸው በሚል ራሷን ነቀነቀች። ረፊቃም አንድ ሳታስቀር በአረብኛ ገለበጠችው።

"አባቴ መንግሥት የበደለኝ ይመስላቸዋል ትላለች። ማንም አልመደበኝም፤ አንደኛ ምርጫዬ ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ። ዋሸኋቸው፤ ምን ይጠቅምሻል እንዳይሉኝ ብዬ። ምን እንደሚጠቅመኝ ዛሬም አላውቅም፤ ከእሱ በቀር ግን የምፈልገው ነገር የለኝም። ባየልኝ ስለ እኔ ለአገሩ ሁሉ ሲመልሱ እኔን አንድ ቀን አልጠየቁኝም። ደረበም ፋርማሲን ይህን ያህል ከወደደው ራሱ ይማር።"

አረብኛ የሚሰማው ሁሉ ሳቀ፤ ያ ማለት ደረበን ጨምሮ መላው ገበያ ነው። አቶ ባየልኝ አልሳቁም። ሻያቸውን እስከ አተላው ጠጡ።

"መርጠሽ ነው?"

"መርጬ ነው፣ አባየ።"

"በአማርኛ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"በአማርኛማ ጋሽ ደረበ ያቋርጠኛል።"

ደረበ አፉን ከፈተ። አቶ ባየልኝ እጃቸውን አነሡ፤ ዘጋው።

"ንገሪኝ እስኪ" አሉ፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ እየሰጧት። "መጽሐፉ ላይ ምን አለ?"

ስመኝም ተቀምጣ ስለ ባቡሩና ስለ አይቡ ነገረቻቸው። አይቡ ሻጋታ እንዳለው ስትደርስ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ቢሆንም ቀጥዪ አሏት።

በሳምንቱ ሸሕዲ መናኸሪያ ራሳቸው ሻንጣዋን አሳቀፏት። ከጎኗ የተቀመጠ መንገደኛ ልጅቷ ምን እንደምትማር በመስኮት ጠየቃቸው።

"ፈረንሳይኛ" አሉት። "ወዳ ነው።"