ካርዴ ላይ የተጻፈው ቃል

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ካርዴ ላይ፣ ጠባይ ከሚለው ትይዩ፣ «አንሩሊ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፎብኛል። ሐሰት ነው። ይኸው ይመዝገብልኝ።

ካርዱ ዛሬም አለኝ። ከሣጥኔ ሳወጣው ዝናብ የመታው ቀርከሃ ይሸተኛል፤ የክፍላችን ሽታ። በቀደም የልጅ ልጄ ቃሉን ስልኳ ላይ ፈልጋ፣ «አያቴ፣ ይሄ እኮ ተበጥሮ አልተኛ ላለ ፀጉርም ይባላል!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። የአሶሳው ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ቀርከሃ ስለነበር ፀሐይ በስንጥቁ ገብታ ደብተራችን ላይ መስመር ታሰምር ነበር። አስተማሪው ከደጋ አገር አዲስ የተመደበ ወጣት ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ እንደ እኔ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ ከገጠር ስለመጣች አማርኛው ገና አልገባትም። እሱ ሲያስረዳ እኔ በቋንቋችን በጆሮዋ እነግራታለሁ።

አንድ ቀን ስለ ምድር ወገብ አስተማረ።

«ምድር ወገብ አላት እንዴ?» አለችኝ።

«አላት። መቀነቷን የምታስረው እዚያ ነው።»

ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ። አስተማሪው ፊቱ ቀልቶ ዞረ። «አንቺ! ውጪ!» አለኝ። ላስረዳው አፌን ስከፍት፣ «ዝም!» አለኝ። ሰኔ ላይ ካርዱ መጣ።

አባቴ ማንበብ ስለማይችል ለቀበሌው ጸሐፊ አሳየው። «የማትገራ፣ ሥርዓት የማትይዝ ማለት ነው» አለው ጸሐፊው። አባቴ ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ደጃፋችን ስንደርስ፣ «ወላሂ፣ አህያዬ እንኳ ተገርታለች» አለኝ። ትምህርቴ እዚያ አበቃ፤ በዓመቱ ተዳርኩ።

አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው ጓደኛዬ መስከረም ላይ ብቻዋን ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። በጆሮዋ የሚነግራት አጥታ፣ ጥቅምት ሳይወጣ ደብተሯን ትታ ገጠሯ ገባች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። አንሩሊ ያልተባለችውም እንዲሁ ቀረች።

አምና አስተማሪው አሁንም እዚሁ ከተማ እንደሚኖር ሰማሁ። ካርዱን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሸብቷል። «ቲቸር፣ ይሄን ለምን ጻፉብኝ?» አልኩት። ስለ ምድር መቀነትም ነገርኩት። መነጽሩን አድርጎ የገዛ ጽሕፈቱን አነበበው። ካርዱን መለሰልኝ።

«ቋንቋችሁን አላውቅም ነበር፣ እህቴ» አለኝ። «በእኔ የምትስቁ መስሎኝ ነው።»